ሉድቪግ ማቲያስ ሊንደማን፦ የኖርዌይን የገጠር ዜማ በኖታ ያኖረው ሰው (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የኖርዌያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የኤድቫርድ ግሪግን የፒያኖ ሥራዎች የሚወድ ሰው «ይህ ዜማ መጀመሪያ የማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ሊንደማን የሚባል ስም ያገኛል። ስሙ ከኖርዌይ ውጭ እምብዛም አይታወቅም፤ ሥራው ግን ዓለም በሚሰማው ሙዚቃ ውስጥ አለ። ስለ እርሱ የሚነሡትን ዋና ዋና ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊንደማን ማን ነበር?

ሉድቪግ ማቲያስ ሊንደማን ኖቬምበር 28 ቀን 1812 በትሮንድሄም ተወለደ፤ ሜይ 23 ቀን 1887 በክርስቲያኒያ አረፈ። ክርስቲያኒያ የዛሬዋ ኦስሎ ናት፤ የጥንት ስሟ የተመለሰላት በ1925 ነው።

ኑሮው ሁለት መልክ ነበረው። ከ1839 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ አርባ ስምንት ዓመት ያህል፣ በዋና ከተማዋ ካቴድራል የኦርጋን ተጫዋች ነበር። በጋ ሲሆንና ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ወደ ተራራማው ገጠር እየወጣ ገበሬዎችና የእልፍኝ ሠራተኞች ሲዘፍኑ ይሰማና የሰማውን በኖታ ይጽፍ ነበር። በዚህ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ ዜማዎችን መዝግቧል።

ምሁር ሊባል ይችላል? ወይስ ሙዚቀኛ ብቻ ነው?

በሙዚቃ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ አልነበረውም። ይህ የእርሱ ጉድለት አይደለም፤ በዘመኑ በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃን የሚያጠና ክፍል አልነበረም። የዛሬ የሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪ የሚሠራውን ዋና ሥራ ግን ሠርቷል፦ ወደ ቦታው ሄዶ መስማት፣ መጻፍ፣ ማወዳደር፣ ማሳተም። ከእርሱ በኋላ የመጡት የኖርዌይ የሙዚቃ ሊቃውንት ሁሉ፣ የተቹትም ጭምር፣ መነሻቸው የእርሱ ወረቀቶች ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪ ብለን ስንጠራው አናጋንንም።

ሙዚቃን ከማን ተማረ?

ከአባቱ። አባቱ ኡለ አንድሬአስ ሊንደማን (1769–1857) በትሮንድሄም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችና የተከበረ መምህር ነበር። እርሱ ራሱ የተማረው ኮፐንሃገን ውስጥ ከእስራኤል ጎትሊብ ቬርኒከ ሲሆን፣ የቬርኒከ መምህር በርሊን የነበረው ኪርንበርገር፣ የኪርንበርገር መምህር ደግሞ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር። የትምህርቱ ሐረግ ሲቆጠር ከባኽ እስከ ትሮንድሄሙ ልጅ አራት ትውልድ ብቻ ነው።

ይህ ትውልድ ቆጠራ ለጌጥ የተነገረ አይደለም። ሊንደማን በሕይወት ዘመኑ ሁሉ የሚደነቅበት ችሎታ በኦርጋን ላይ ወዲያውኑ እየፈጠረ መጫወትና ድምፆችን እርስ በርስ ማጠላለፍ ነበር። ይህ በቀጥታ ከባኽ ትምህርት ቤት የወረደ ጥበብ ነው። ገና በልጅነቱ አባቱን እየተካ በቤተ ክርስቲያን ይጫወት ነበር።

ታዲያ ነገረ መለኮት ሊማር የሄደው ለምንድን ነው?

በዚያ ዘመን ለተማረ ወጣት ቅስና የተረጋገጠ እንጀራ ነበር፤ ሙዚቃ አልነበረም። በ1833 ወደ ክርስቲያኒያ የመጣው ነገረ መለኮት ለማጥናት ነው። በከተማዋ ግን ታላቅ ወንድሙ ያኮብ አንድሬአስ የካቴድራሉ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ሉድቪግ ወንድሙን ያግዛል፣ በቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራ ቼሎ ይጫወታል፣ ያስተምራል፤ ትምህርቱ ወደ ኋላ እየቀረ ሄደ። ወንድሙ ቦታውን ሲለቅ እርሱ ተተካ፤ ቅስናውም በዚያው ቀረ።

የነገረ መለኮት ትምህርቱ ግን ከንቱ አልሆነም። በኋላ ለወደፊት ቀሳውስት ዝማሬ ያስተማረውና የመላው አገር ቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ያዘጋጀው ይኸው ሰው ነው።

የገጠር ዜማ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ?

ኖርዌይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከዴንማርክ ጋር ተጣምራ ከኖረች በኋላ በ1814 ኤድስቮል ላይ የራሷን ሕገ መንግሥት ጻፈች። በዚያው ዓመት ግን ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር እንድትገባ ተገደደች፤ ያ ጥምረት የፈረሰው በ1905 ነው። የከተማው ሰው የሚጽፈው በዴንማርክኛ ነበር። ሙዚቃውም ከኮፐንሃገንና ከጀርመን የመጣ ነበር። እንግዲህ «እኛ ማን ነን?» የሚለው ጥያቄ የሊንደማን ትውልድ ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

ፒተር ክሪስተን አስብዮርንሰንና ዩርገን ሙ ተረቶችን ሰበሰቡ። ኢቫር ኦሰን በ1840ዎቹ አገሩን በእግሩ እየዞረ የገጠሩን አነጋገር መዘገበ። ቄሱ ማግኑስ ብሮስትሩፕ ላንድስታድ በቴሌማርክ የቆዩ የትረካ ዘፈኖችን ጻፈ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ዜማውን በትክክል ሰምቶ በኖታ ሊያሰፍር የሚችል ሰው ይፈለግ ነበር። ግጥሙ ያለ ዜማው ግማሽ ነው፤ ሰብሳቢዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ሙ የገጠር ዘፈኖችን በ1840 ሲያሳትም የዜማ አባሪውን ለሊንደማን የሰጠው። በሚቀጥለው ዓመት ሊንደማን በራሱ ስም 68 የተራራ ዜማዎችን አሳተመ።

ሌላም አስቸኳይ ምክንያት ነበር። በየሸለቆው የተነሡ አጥባቂ የሃይማኖት ሰባኪዎች ፊድልን፣ ቫዮሊን መሰሉን የገጠር መሣሪያ፣ የሰይጣን መሣሪያ ይሉት ነበር፤ መሣሪያቸውን የሰበሩ፣ ያቃጠሉና የደበቁ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። በዚያው ክፍለ ዘመን ብዙ ሕዝብ ከገጠሩ እየነቀለ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አንድ አዛውንት በሞቱ ቁጥር የሚቀበረው የዜማ ብዛት አይታወቅም ነበር። የቶማስ ኤዲሰን ድምፅ መቅረጫ የመጣው በ1877 ነው። ከዚያ በፊት ዜማን ለማቆየት የነበረው ብቸኛ መንገድ ጆሮና እርሳስ ነው።

ጉዞዎቹ ወዴት ነበሩ?

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ በ1848 ከዩኒቨርሲቲው ባገኘው ድጎማ ወደ ቫልድረስ ያደረገው ነው። ቫልድረስ ከኦስሎ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ ረጅም ሸለቆ ነው። በ1851 ደግሞ ቴሌማርክን፣ ሃርዳንገርን፣ በርገንንና ሃሊንግዳልን አዳረሰ። በ1860ዎቹም እንደገና ወጥቷል።

አሠራሩ ፈጣን ነበር። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ሊንደማን ዜማውን በትንሽ ወረቀት ላይ በአጭሩ ይነድፋል፣ የመጀመሪያውን ስንኝ ከሥሩ ያኖራል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በአንድ ቀን ብዙ ዜማ ይሰማ ነበር። ጆሮው እጅግ የሠለጠነ ስለነበር አንድ ጊዜ የሰማውን ለመያዝ አይቸገርም። ንድፎቹን በጥሞና የሚያይ ሰው ግን ፍጥነቱ ጥቅም ብቻ እንዳልነበረው ይረዳል፤ ወደዚህ ነጥብ ከታች እንመለሳለን።

የሰበሰበው አንድ ዓይነት ዘፈን ብቻ አይደለም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጭራቆች የሚተርኩ ጥንታዊ ዘፈኖች አሉ፤ እረኞች ከብት የሚጠሩባቸው ዜማዎች አሉ፤ አጫጭር የግጥም ፉክክሮች፣ የሕፃን ማስተኛ ዘፈኖች፣ በፊድል የሚመቱ የጭፈራ ዜማዎች አሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁት መንፈሳዊዎቹ ናቸው። የገጠሩ ሰው የዴንማርኮቹን የኪንጎንና የብሮርሶንን መዝሙሮች ከመጽሐፍ ያነብባል፤ ዜማውን ግን እንደ ኦርጋኑ ሳይሆን በቤቱ እንደለመደው፣ በብዙ ጌጥና በረጅም ትንፋሽ ያወጣዋል። አንዱ መዝሙር በየሸለቆው ሌላ ዜማ ነበረው። በካቴድራል ኦርጋን ላይ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህን መስማት ምን ያህል እንዳስገረመው ከንድፎቹ ብዛት ይታያል።

ለእርሱ የዘፈኑለት እነማን ነበሩ?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚጠየቀው። በታተሙት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የሸለቆውን ስም እንጂ የሰውየውን አይደለም። በእጅ ከተጻፉት ንድፎችና ከኋለኞቹ ጥናቶች ግን አንዳንዶቹን እናውቃለን። ከእነርሱ አንዱ የቫልድረሱ አንደርሽ ኒልሰን ፔርለስታይንስባከን ነው። ሊንደማን በ1848 ከዚህ ሰው አንደበት እጅግ ብዙ ዜማ ጻፈ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ በዓለም መድረኮች ይሰማሉ።

በቴሌማርክ በኩል ደግሞ ኦሌያ ክሮገርን (1801–1855) ማስታወስ ግድ ነው። የቄስ ልጅ ነበረች፤ በመምህራን ማሠልጠኛ ዝማሬ አስተምራለች። ላንድስታድ በ1853 ላሳተመው ታላቅ የሕዝብ ዘፈን መጽሐፍ ከሰበሰቡት መካከል ዋናዋ እርሷ ናት። ሴት በመሆኗ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ስሟ አልወጣም ብሎ መገመት አያስቸግርም። የሊንደማንን ክብር ሳንቀንስ የእነዚህን ሰዎች ስም አብረን ብንጠራ ታሪኩ የተሟላ ይሆናል፤ ዜማው የተገኘው ከእነርሱ ነውና።

ዋናው መጽሐፉ ምንድን ነው?

«የቆዩና አዳዲስ የኖርዌይ ተራራ ዜማዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስብስብ ነው። ከ1853 እስከ 1867 በየክፍሉ እየታተመ ወጣ፤ ስድስት መቶ ያህል ዜማዎች አሉበት። ዜማዎቹን የጻፋቸው ለፒያኖ በሚሆን መንገድ ነው፤ የግራው እጅ አጃቢ ድምፆች የእርሱ የራሱ ድርሰት ናቸው።

ለፒያኖ መሆኑ የታሰበበት ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሻል ያለ ኑሮ ያለው የከተማ ቤት ሁሉ ፒያኖ ነበረው። የክርስቲያኒያ ሰው የሃሊንግዳልን ዜማ ሊሰማ የሚችለው በሳሎኑ ውስጥ በሚገኘው መሣሪያ ብቻ ነው። መጽሐፉ የገጠሩን ድምፅ ለከተማው ጆሮ አቀረበ፤ ብዙ የዜማ ደራሲዎችም ከዚያ ቀዱ። ሃልፍዳን ሼሩልፍ ቀድቷል፣ ዮሐን ስቬንድሰን በኖርዌይ ራፕሶዲዎቹ ቀድቷል። ከሁሉ የበለጠው ግን ግሪግ ነው።

ግሪግ ከሊንደማን ምን ወሰደ?

ግሪግ በ1843 በርገን ተወልዶ ሙዚቃን ያጠናው ላይፕሲክ ነው። ከገጠሩ ዜማ ጋር በደንብ የተዋወቀው በሊንደማን መጽሐፍ አማካይነት ነው። ኦፐስ 17 የሚባለው (ኦፐስ ማለት የአንድ ደራሲ ሥራ ተራ ቁጥር ነው) የ25 ዘፈኖችና ጭፈራዎች ስብስቡ ሙሉ በሙሉ ከዚያ የተወሰደ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው አራቱ የኖርዌይ ጭፈራዎች፣ ኦፐስ 35፣ ከዚያው ናቸው። ለሁለት ፒያኖ የጻፈው ኦፐስ 51ም እንዲሁ።

እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ ቀድሜ የማነሣው ባላዱን፣ ኦፐስ 24ን ነው። በ1875 መኸር የግሪግ አባትና እናት ተከታትለው ሞቱ። በዚያ ክረምት በርገን ተቀምጦ ይህን ሥራ ጻፈ። መነሻ ዜማውን ከሊንደማን መጽሐፍ አነሣ። ይህም ፔርለስታይንስባከን በቫልድረስ ለሊንደማን የዘፈነለት፣ ስለ ሰሜኑ አገር ገበሬዎች የሚናገር ዘፈን ነው። ግጥሙ ቀለል ያለ ነገር ነው። ግሪግ ከሥሩ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ አኖረለትና የሐዘን ዜማ አደረገው፤ ከዚያም አሥራ አራት ጊዜ እየለዋወጠ አስፋው። በመጨረሻ፣ ታላቁ ነውጥ ካለፈ በኋላ፣ የመጀመሪያው ዜማ ብቻውን ይመለሳል። ባላዱ ግሪግ ለፒያኖ ብቻ ከጻፋቸው ሥራዎች ሁሉ ጥልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሥሩ ያለውን ዜማ ያለ 1848ቱ ጉዞ ግሪግ አያገኘውም ነበር።

የግሪግ የመጨረሻ ሥራም ወደዚያው መጽሐፍ የተመለሰ ነው። በ1906 ለመዘምራን የጻፋቸው አራት መዝሙሮች፣ ኦፐስ 74፣ ዜማቸው ሊንደማን ከሰበሰባቸው መንፈሳዊ ዜማዎች ነው። ግሪግ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ሊንደማን ዜማዎቹን በትክክል ነው የጻፋቸው?

በከፊል። ተመራማሪዎች በሊንደማን ላይ የሚያነሡት ዋና ትችት ይህ ነው፤ ተገቢም ነው።

አንደኛው ነገር ቅኝት ነው። የገጠሩ ዘፋኝ የሚያወጣቸው አንዳንድ ድምፆች በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ናቸው። ሜጀርም ማይነርም በሚባሉት በሁለቱ የአውሮፓ ቅኝቶች ውስጥ የሌለ፣ በሁለቱ መካከል ያለ ሦስተኛ የስኬል ድምፅ የተለመደ ነበር። ሊንደማን እነዚህን ድምፆች በኖታ ሲያሰፍር ወደ አንዱ ጎን ማስጠጋት ነበረበት፤ የአምስት መስመር ኖታ ሌላ ምርጫ አልሰጠውም። አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ዜማ በንድፉ አንድ ዓይነት፣ በታተመው ሌላ ዓይነት አድርጎ እናገኘዋለን። የቴሌማርኩ ተወላጅ ኤይቪን ግሮቨን (1901–1977) የዚህን የገጠር ቅኝት ምሥጢር በ1927 ባሳተመው ጥናት ገለጠ። በኋላም ድምፆቹን ሳያጣምም የሚያወጣ ኦርጋን እስከ መሥራት ደረሰ።

ሁለተኛው ምት ነው። ስፕሪንጋር የሚባለው ጭፈራ በሦስት ይቆጠራል፤ ሦስቱ ምቶች ግን እኩል አይደሉም። በቴሌማርክ የመጀመሪያው ረጅም፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው አጭር ነው። በቫልድረስ ደግሞ አጭሩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ረጅሙ ይከተላል። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ሦስት እኩል ምቶች ይመስላሉ። ጭፈራውን ያላየ ፒያኖ ተጫዋች ከኖታው ተነሥቶ ቢመታው እንደ ቫልስ ይወጣበታል።

ሦስተኛው ሃርዳንገር ፊድል ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ማሲንቆን አስቦ ቢነሣ ልዩነቱ ይገባዋል፦ ማሲንቆ አንድ ጭራ ሲኖረው፣ ይህ ፊድል በቀስት የሚመቱ አራት ክሮች አሉት፤ ከእነርሱ ሥር ደግሞ ማንም ሳይነካቸው አብረው የሚያስተጋቡ አራት ወይም አምስት ቀጫጭን ክሮች ተዘርግተዋል። ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ክር አብሮ ስለሚመታ ሙዚቃው በድምፅ የተሞላ ነው። ሊንደማን የዘፋኞችን ዜማ የሚይዘውን ያህል የዚህን መሣሪያ ሀብት አልያዘም። ይህን ክፍተት በሰፊው የሞሉት ሌሎች ናቸው። ቫዮሊን ተጫዋቹና የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሃልቮርሰን በ1901 ከፊድል ተጫዋቹ ክኑት ዳለ ሥር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ድምፅ ጻፈ፤ ግሪግም ከዚያ ኦፐስ 72ን ሠራ። የሃርዳንገር ፊድል ዜማዎች በብዛት የተሰበሰቡበት ባለ ሰባት ቅጽ እትም የወጣው ደግሞ ከ1958 እስከ 1981 ነው።

ትችቱን ከተቀበልን በኋላ የምለው አንድ ነገር አለ። ሊንደማን ድምፅ መቅረጫ አልነበረውም፣ የሚከተለውም ቀዳሚ መምህር አልነበረውም። ንድፎቹን ደግሞ አልጣላቸውም። ዛሬ በኦስሎ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስላሉ ተመራማሪዎች ከታተመው ጋር እያመሳከሩ የት እንዳስተካከለ ማየት ይችላሉ። ሊተቹት የቻሉትም ማስረጃውን እርሱ ራሱ ስላቆየላቸው ነው።

በቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ላይ የነበረው ክርክር ምን ነበር?

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖርዌይ ምእመናን መዝሙር የሚዘምሩት እጅግ በዝግታ ነበር፤ እያንዳንዱ ድምፅ እኩል ርዝመት አለው፣ ሁሉም እየጎተተ ይሄዳል። ይህ መለወጥ አለበት በሚለው ሁሉም ይስማማ ነበር። እንዴት በሚለው ግን ተጣሉ። ዮሐን ዲድሪክ ቤረንስን የመሳሰሉት የፕሮቴስታንት ተሐድሶው ዘመን፣ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ሕያው ምት ይመለስ ይሉ ነበር። ሊንደማን ደግሞ ወደዚያ ዘመን መመለስን አልፈለገም፤ ዜማዎቹን በራሱ መንገድ ማነቃቃትን መረጠ። ክርክሩ በጋዜጣ ለዓመታት ቀጠለ።

የላንድስታድ አዲስ የመዝሙር መጽሐፍ በ1869 ሲጸድቅ ዜማ የሚያዘጋጅለት ሰው ተፈለገ፤ ሥራው ለሊንደማን ተሰጠ። የዜማ መጽሐፉ በ1877 በይፋ ጸደቀና በ1926 ሌላ እስኪተካው ድረስ በአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት አገለገለ። ዛሬ የሙዚቃ ሊቃውንት በዚያ ክርክር የቤረንስ ወገን የተሻለ ታሪካዊ መሠረት ነበረው ይላሉ። ሕዝቡ የዘመረው ግን የሊንደማንን ነው።

ራሱ ከደረሳቸው ዜማዎች የትኛው ይታወቃል?

በ1840 ለዴንማርካዊው ቄስና መዝሙር ደራሲ ለግሩንትቪግ መዝሙር የደረሰው ዜማ ነው፤ መዝሙሩ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ቤትነት ይናገራል። ሲጀምር ጨለም ያለና ጠንካራ ነው፤ እርምጃው ትልልቅ ነው። ስደተኞች ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በሉተራውያን ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት መዝሙሮች አንዱ ሆኗል። የሊንደማንን ስም ሰምቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ይህን ዜማ በቃሉ ይዘምረዋል።

ለንደን ሄዶ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ1871 ሮያል አልበርት ሆል ሲከፈት በውስጡ የተተከለው ግዙፍ ኦርጋን በዚያ ዘመን ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነበር። ከየአገሩ ኦርጋን ተጫዋቾች ተጋብዘው መጡ፤ ከኦስትሪያ አንቶን ብሩክነር፣ ከፈረንሳይ ካሚይ ሴን-ሳንስ፣ ከኖርዌይ ሊንደማን።

ትምህርት ቤቱስ ምን ሆነ?

በ1883 ከልጁ ከፔተር ጋር በክርስቲያኒያ የኦርጋን ተጫዋቾች ማሠልጠኛ ከፈተ። ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። ትንሿ ትምህርት ቤት አድጋ የከተማዋ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ሆነች፤ ከፔተር በኋላ የልጅ ልጁ ትሪግቨ ለአሥርተ ዓመታት መራት። በ1973 የኖርዌይ የሙዚቃ አካዳሚ ሲቋቋም የኮንሰርቫቶሪው ሥራ ወደዚያ ተሸጋገረ። የአካዳሚው ዋና የሙዚቃ አዳራሽ የሊንደማን አዳራሽ ይባላል፤ በቤተሰቡ ስም የሚሰጥ የሙዚቃ ሽልማትም አለ።

ከእርሱ በኋላ ሥራውን ማን ቀጠለ?

ካታሪኑስ ኤሊንግ (1858–1942) ከ1898 ጀምሮ በመንግሥት ድጎማ ሰበሰበ። ቀጥሎ የመጣው ኡለ ሞርክ ሳንድቪክ ነው፤ በ1875 ተወልዶ በ1976 ያረፈ፣ መቶ አንድ ዓመት የኖረ የነገረ መለኮትና የሙዚቃ ሊቅ። የምሥራቁን ሸለቆዎች ሙዚቃ አጥንቶ ዶክተር ሆነ፤ ስለ ሊንደማንና ስለ ሕዝብ ዜማም በ1950 መጽሐፍ አሳተመ። የሙዚቃ ጥናት በኖርዌይ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው እንደ ሳንድቪክ ባሉት ሊቃውንት ትከሻ ነው።

ኦስሎ የሚኖር ሰው የሊንደማንን አሻራ የት ያገኛል?

ለአርባ ስምንት ዓመት ያገለገለበት ካቴድራል በከተማዋ መካከል፣ ስቱርቶርቨት አደባባይ አጠገብ አለ። በእርሱ ዘመን የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይባል ነበር፤ የተመረቀው በ1697 ነው። የእጅ ጽሑፎቹ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የሙዚቃ አካዳሚው ደግሞ ማዮርስቱዋ ሠፈር ነው፤ ተማሪዎች የሚያቀርቧቸውን ብዙ ኮንሰርቶች ማንም ሰው በነፃ ሊሰማ ይችላል።

ሙዚቃውን መስማት ብፈልግ ከምን ልጀምር?

በመጀመሪያ ከኦፐስ 17 ጥቂት ክፍሎች ይስሙ፤ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ አይበልጡም፣ የሊንደማን ዜማ በግሪግ እጅ ምን እንደሚመስል ወዲያው ያሳያሉ። ቀጥለው ባላዱን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ጊዜ ወስደው ይስሙት። ከዚያ በኋላ ግን ፒያኖውን ትተው የቫልድረስ ወይም የቴሌማርክ ዘፋኝ ያለ መሣሪያ የሚያዜመውን መንፈሳዊ ዜማ ይፈልጉ፤ ቅጂዎች በቀላሉ ይገኛሉ። የመጨረሻውን ኦፐስ 74ን ካደረጉት፣ አሁን ብቻውን የሰሙት ዓይነት ድምፅ በመዘምራን መካከል ሲወጣ ይለዩታል።